ተጨማሪ ሽጉጥ ለዒላማ ተኩስ፤ የትኛው ይመረጥ?

የዒላማ ተኩስ ስፖርት በሠራዊት ክፍሎች፣ በፖሊስና ሕጋዊ ፈቃድ ባላቸው ሲቪል ተኳሾች ዘንድ በሚዘወተርበት ቦታ ሁሉ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ መነሣቱ አይቀርም። አንድ ሽጉጥ ያለው ተኳሽ ወይም የተኩስ ክለብ ሁለተኛ ለመጨመር ገንዘቡንም ፈቃዱንም ባገኘ ጊዜ የትኛውን ይምረጥ? በዚህ ጉዳይ ላይ በተኩስ ሜዳ ዳርና በመኮንኖች ክበብ የሚሰማው ክርክር ብዙውን ጊዜ በመሣሪያው ስምና በአፈሙዙ ስፋት ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። የአገራችን ሰው ውጅግራ፣ ምንሽር፣ በልጅግ እያለ መሣሪያን በስሙ ጠርቶ፣ በስሙ ፎክሮ የኖረ በመሆኑ ይህ ሊያስደንቅ አይገባም። ዳሩ ግን ፉከራና ዒላማ ለየቅል ናቸው። በወረቀቱ ላይ የሚቆጠረው ቀዳዳው ከመሐሉ ምን ያህል እንደራቀ ብቻ ነው።

እኛ በበኩላችን ተጨማሪው ሽጉጥ ባለ 22 ካሊበር፣ ማለትም 5.6 ሚሊሜትር የሆነና ለዒላማ ተብሎ የተሠራ ይሁን የሚል አቋም አለን። ምክንያታችንን ከማስረዳታችን በፊት ግን አስቀድሞ መጠናቀቅ ያለበትን ጉዳይ በአጭሩ እናንሣ። ከምርጫ ፈቃድ ይቀድማል። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን የከለከለ ሲሆን፣ የጎረቤት አገሮችም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ለመጀመሪያው ሽጉጥ የተሰጠው ፈቃድ ሁለተኛውን ይሸፍናል ብሎ መገመት አይገባም፤ የሚመለከተውን ክፍል ጠይቆ በጽሑፍ መልስ ማግኘት ያስፈልጋል። ሁለተኛ ሽጉጥ ማለት ሁለተኛ ቁልፍ፣ ሁለተኛ መዝገብ፣ ሁለተኛ ተጠያቂነት ማለት ነው። ይህን ለመሸከም ያልተዘጋጀ ሰው ባለው ሽጉጥ ቢወሰን እንመርጣለን።

በአካባቢያችን ብዙ መኮንኖች የሚያውቁት ሽጉጥ ማካሮቭ ነው። ይህ መሣሪያ በሶቪየት ኅብረት ሠራዊት በ1951 ተቀባይነት ያገኘ፣ ባዶውን 730 ግራም የሚመዝን፣ ካዝናው 8 ጥይት የሚይዝ፣ የአፈሙዙ ርዝመት 93 ሚሊሜትር የሆነ ሽጉጥ ነው። (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የውጭ አገር ነገሮችን ስናነሣ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የተሠራውም መኮንኑ በወገቡ ታጥቆት ቀኑን ሙሉ እንዲንቀሳቀስና በቅርብ ርቀት ራሱን እንዲከላከልበት ነው። ለዚህ ተግባሩ የታመነ ነው፤ ብልቶቹ ጥቂት፣ አፈታቱና አገጣጠሙ ቀላል ነው። በመሆኑም ጥይቶቹን ሁሉ በ25 ሜትር ላይ በአሥሩ ክብ ውስጥ አላሳረፈም ብሎ ማካሮቭን መክሰስ፣ እንደ ፈረስ ስለ ምን አልጋለብሽም ብሎ በቅሎን እንደ መውቀስ ይቆጠራል።

ነገሩን በስሌት እንመልከተው። በማካሮቭ ላይ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት 130 ሚሊሜትር ያህል ነው። ተኳሹ የፊቱን ማነጣጠሪያ በኋለኛው ጎድጓድ መሐል ሲያሰልፍ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ቢያዛንፍ፣ ስሕተቱ ከርቀቱ ጋር እየሰፋ ሄዶ 25 ሜትር ላይ ሲደርስ 19 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። በዓለም አቀፍ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ መሠረት ለ25 ሜትር ውድድር በሚፈቀደው የስፖርት ሽጉጥ ላይ ግን በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት እስከ 220 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል። ያው የአንድ ሚሊሜትር ስሕተት በዚህኛው ወደ 11 ሳንቲሜትር ይወርዳል። ለዝግታ ተኩስ የሚቆመው ዒላማ የአሥሩ ክብ ስፋት 50 ሚሊሜትር ብቻ መሆኑን ላስታወሰ ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

በዚህ ላይ የማካሮቭ የኋላ ማነጣጠሪያ ወደ ላይና ወደ ታች በዊንታ የማይስተካከል ሲሆን፣ የዒላማው ሽጉጥ ማነጣጠሪያ በአራቱም አቅጣጫ ጥቂት በጥቂት ይታረማል። ጥቅሙ ጥይትን ወደ መሐል ከመሳብ ያለፈ ነው። ጥይቱ ወደ ግራ የሚሄድበት ተኳሽ ጉድለቱ የመሣሪያው ይሁን የራሱ ለይቶ ለማወቅ የሚችለው መሣሪያውን ከጥርጣሬ ነጻ ማድረግ ሲችል ነው። ያ ካልሆነ ሽጉጡን እየወቀሰ ዓመታት ያልፋሉ።

ከማነጣጠሪያው ይበልጥ የሚያሳስበን ግን የሽጉጥ ርግጫ ነው። የማካሮቭ አረር ክብደቱ 6 ግራም ያህል ሆኖ በሰከንድ 315 ሜትር ገደማ ይወነጨፋል። የ22 ካሊበር አረር ክብደት 2.6 ግራም ብቻ ሲሆን ፍጥነቱ ከዚያው ብዙም አይርቅም። ስለሆነም በተኳሹ እጅ ላይ የሚያርፈው ግፊት ከግማሽ በታች ነው፤ የዒላማው ሽጉጥ በክብደቱ ከማካሮቭ ስለሚበልጥ ደግሞ የሚሰማው ርግጫ ከዚያም ያንሳል። ይህ ለምን ያሳስበናል? ጀማሪ ተኳሽ በድምፁና በርግጫው ምክንያት ጥይቱ ገና ሳይወጣ መጠባበቅ ይጀምራል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንጓውን ያጠብቃል፣ አፈሙዙን ወደ ታች ይጫናል። ሁሉም የሚፈጸመው በቅጽበት ስለሆነ ራሱ አያውቀውም፤ ርግጫው ስለሚሸፍንለትም አጠገቡ የቆመው አሠልጣኝ እንኳ ላያየው ይችላል።

ይህን ጠባይ ለማጋለጥ የቆየ ዘዴ አለ። አሠልጣኙ ተኳሹ ሳያውቅ በካዝናው ውስጥ ባሩድ የሌለው አንድ የልምምድ ጥይት ይደባልቅበታል። ተራው በደረሰ ጊዜ ተኩስ አይሰማም፤ አፈሙዙ ግን ልክ እንደተተኮሰ ሁሉ ወደ መሬት ሲያጎነብስ ይታያል። በጦር አካዳሚ ሳለንም መምህሮቻችን ባዶነቱ በተረጋገጠ ሽጉጥ አፈሙዝ ላይ ሳንቲም አስቀምጠው ሳንቲሙ ሳይወድቅ ምላጭ እንድንስብ ያዙን ነበር። ሳንቲሟን የማይጥል እጅ ወደ ተኩስ ሜዳ ሲወርድ ይጥላታል፤ ልዩነቱ ፍርሃት ነው። አንድ ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሠረፀው ፍርሃት በምክር አይወጣም። የሚወጣው ብዙ ሺህ ጊዜ ያለ ድንጋጤ በመተኮስ ነው፤ ለዚህም ከ22 ካሊበር የተሻለ መሣሪያ አልተገኘም።

የብዙ ሺህ ጊዜው ነገር ወደ ወጪ ይመራናል። በሳምንት ሁለት ቀን በየቀኑ 100 ጥይት የሚተኩስ ሰው በዓመት ከ10,000 በላይ ጥይት ይጨርሳል። የሽጉጥ ዋጋ አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ የጥይት ዋጋ ግን ስፖርቱ እስካለ ድረስ አብሮ ይኖራል። የ22 ካሊበር ጥይት ዋጋ ደግሞ በአያሌው ከ9 ሚሊሜትር ጥይት ያነሰ ነው። ትልቅ ካሊበር ሁለተኛ ሽጉጥ ገዝቶ በወር አንድ ካዝና የሚተኩስ ክለብ፣ ሽጉጥ ኖረው እንጂ ተኳሽ አልኖረውም።

ይህም ሆኖ ብዙ ሰው የሚመኘው ሁለተኛው ሽጉጥ ሌላ ዘጠኝ ነው። ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ወይም ቼኮዝሎቫኪያ ውስጥ የተወለደው ሲ ዜድ 75 ለእጅ የሚስማሙ፣ የተከበሩ ሽጉጦች መሆናቸውን አንክድም። ነገር ግን በአንድ የተኩስ ጠረጴዛ ላይ ማካሮቭና ከነዚህ አንዱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚመጣውን አደጋ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ሁለቱም "ዘጠኝ" ይባሉ እንጂ ጥይታቸው አንድ አይደለም። የማካሮቭ ቀለህ ርዝመት 18 ሚሊሜትር፣ የሌሎቹ 19 ሚሊሜትር ነው፤ የማካሮቭ አረር ውፍረት ወደ 9.3 ሚሊሜትር የሚጠጋ ሲሆን የሌላኛው 9 ሚሊሜትር ነው። ይህን የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት በቸኮለ እጅና በጠለቀች ፀሐይ ማን ይለየዋል? አንዱ በሌላው ውስጥ እንዲተኮስ አልተሠራም። መደበላለቁ ቢያንስ መሣሪያን ያጣብቃል፤ ተኳሹ በጉልበት ለማስገባት ሲታገል ደግሞ አፈሙዙ ወደ ማን እንደዞረ ይረሳል። የ22 ካሊበር ጥይት በመጠኑ ከማንኛውም ዘጠኝ ጋር ስለማይምታታ ይህን ሥጋት ከሥሩ ይነቅለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ክብደት ያለው ተቃውሞ ይቀርብልናል። ወታደር በሚታጠቀው መሣሪያ ካልተለማመደ በስፖርት መሣሪያ ያገኘው ውጤት ምን ይረባዋል? የሚሉ አሉ። አነጋገሩ እውነት አለበት። የማካሮቭ የመጀመሪያው ጥይት መዶሻው ሳይነሣ ሲተኮስ ምላጩ ከባድ ነው፤ ይህን ክብደት ከዒላማ ሽጉጥ ማንም አይማረውም። ከአፎት መምዘዝን፣ ካዝና መለወጥን፣ በሁለት እጅ መተኮስንም እንዲሁ። ስለዚህ የታጠቁት ሽጉጥ ከልምምድ ይውጣ አላልንም፤ የልምምዱ ቀን መጨረሻ ሁልጊዜ የእርሱ ድርሻ ይሁን። ነገር ግን ማነጣጠርና ምላጭን ሳያናውጡ መሳብ በሁሉም ሽጉጥ አንድ ናቸው። ይህንንም ሠራዊቶች ራሳቸው ቀድመው ተረድተውታል። በአሜሪካ የኮልት ፋብሪካ በ1930ዎቹ የሠራዊቱን ትልቅ 45 ካሊበር ሽጉጥ ቅርጽና አያያዝ ጠብቆ ኤስ የተባለ ባለ 22 ካሊበር ሽጉጥ ያወጣው ለዚሁ ነበር፤ ወታደሩ በርካሽ ጥይት ብዙ እንዲተኩስ።

ስለ 22 ካሊበር ከተነሣ የሶቪየቱን ሚካኤል ማርጎሊንን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። ይህ ሰው በወጣትነቱ ጭንቅላቱ ላይ በደረሰበት ቁስል ምክንያት ሁለቱንም ዓይኖቹን አጥቷል። የማያየውን የብረት ክፍል በጣቶቹ እየዳሰሰ፣ አሳቡን ለሌሎች እያስረዳ፣ ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በስሙ የሚጠራውን የዒላማ ሽጉጥ ለመሥራት በቃ። የማርጎሊን ሽጉጥ ያሸበረቀ ነገር የለውም፤ ቀላል፣ ጠንካራና ትክክለኛ ነው። በብዙ አገር የጀማሪ ተኳሾች መምህር ሆኖ አገልግሏል፤ ዛሬም አሮጌው በደህና ሁኔታ ከተገኘ የሚናቅ አይደለም።

እንግዲህ ከ22 ካሊበሮች መካከል የትኛው ዓይነት? ቀደም ባለው ጊዜ ይህ ጥያቄ አስቸጋሪ ነበር። የ50 ሜትር ነጻ ሽጉጥ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ምላጩ ሲነካ የሚተኮስ የተለየ መሣሪያ ነበር። የ25 ሜትር ፈጣን ተኩስ ደግሞ አጭር የ22 ካሊበር ጥይት የሚተኮስበት ሌላ መሣሪያ ነበረው። ከ2005 ጀምሮ ግን ደንቡ ተለውጦ ፈጣን ተኩስም በመደበኛው የስፖርት ሽጉጥ ይተኮሳል። የ50 ሜትሩ ውድድር ከ2016 የሪዮ ኦሎምፒክ በኋላ ከኦሎምፒክ ዝርዝር ወጥቷል፤ ደቡብ ኮሪያዊው ጂን ጆንግ ኦ በ2008፣ በ2012ና በ2016 ተከታትሎ ያሸነፈበት ውድድር ነበር። ስለዚህ ዛሬ አምስት ጥይት የሚጎርስ አንድ ባለ 22 ካሊበር የስፖርት ሽጉጥ ለወንዶች ፈጣን ተኩስም፣ ለሴቶች የ25 ሜትር ውድድርም፣ ለመደበኛ ሽጉጥ ውድድርም ይበቃል። ክብደቱ ከ1,400 ግራም፣ አፈሙዙ ከ153 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ ምላጩ ደግሞ ቢያንስ የ1,000 ግራም ክብደት መሸከም አለበት። ፈጣን ተኩስ አምስት ጥይት በአምስት ዒላማ ላይ በ8፣ በ6 እና በ4 ሰከንድ መተኮስን የሚጠይቅ መሆኑን ያወቀ ሰው ርግጫው ለምን ማነስ እንዳለበት ሌላ ማስረጃ አይሻም። ወደፊት በትልቅ ካሊበር ለመወዳደር የሚያስብ ክለብ ካለ፣ እንደ ዋልተር ጂ ኤስ ፒ ያለው ሽጉጥ ክፍሉ ሲቀየርለት ከ22 ወደ 32 ካሊበር መዞር የሚችል በመሆኑ በአንድ እጀታና በአንድ የምላጭ ልማድ ሁለቱንም ያስኬዳል።

እጀታው ልዩ ትኩረት ይገባዋል። የዒላማ ሽጉጥ እጀታ ከእንጨት ተቀርጾ ለቀኝ ወይም ለግራ እጅ፣ ለትልቅ ወይም ለትንሽ መዳፍ ተለይቶ ይሠራል። በኦሎምፒክ የሴቶች የሽጉጥ ውድድር ከ1984 ጀምሮ ራሱን ችሎ እያለ፣ ክለቦች ለሴት ተኳሾቻቸው የወንድ መዳፍ የሚሞላ እጀታ አስይዘው ውጤት ሲጠብቁ እናያለን። ይህ አግባብ አይደለም። በእንጨት ሞረድ ግማሽ ሰዓት መሥራት የሚያስገኘውን ጥቅም ውድ ሽጉጥ አያስገኘውም። ስለ ግራ እጅ ካነሣን፣ የሃንጋሪው ሃምሳ አለቃ ካሮይ ታካችን ማስታወስ ግድ ነው። በ1938 በልምምድ ላይ የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁን ጎዳው፤ ለብቻው በግራ እጁ መተኮስ ተማረና በ1948 ለንደን ላይ፣ በ1952 ደግሞ ሄልሲንኪ ላይ በፈጣን ተኩስ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። በቀኝ እጅ ብቻ የሚያዝ እጀታ ያለውን ሽጉጥ ለጋራ የሚገዛ ክለብ ግራኝ አባላቱን አስቀድሞ ማስወጣቱን ይወቅ። ሁለቱንም እጀታ አብሮ ማዘዝ ይሻላል።

አንዳንድ ወዳጆቻችን ደግሞ በአየር የሚተኮሰውን 4.5 ሚሊሜትር ሽጉጥ ይመርጣሉ። በ10 ሜትር ላይ፣ ያለ ባሩድና ያለ ጩኸት፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሊተኮስ መቻሉ ትልቅ በረከት ነው። በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ በድብልቅ ቡድን የብር ሜዳልያ ያገኘው ቱርካዊው ዩሱፍ ዲኬች፣ አንድ እጁን ከኪሱ ከትቶ፣ ልዩ መነጽር ሳያደርግ ሲተኩስ የታየበት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሯል። ብዙ ሰው ከዚህ ፎቶግራፍ የተረዳው መሣሪያ ዋጋ የለውም የሚል ነው። በእጁ የነበረው ግን ለውድድር የተሠራ ትክክለኛ የአየር ሽጉጥ መሆኑንና ሰውዬው በዣንዳርማ ያገለገለ፣ ብዙ ዓመት የሠለጠነ ተኳሽ መሆኑን ዘነጉ። የአየር ሽጉጥ ሜዳ ለሌለው ክለብ ተገቢ ምርጫ ነው። ሜዳ ላለው ግን ባሩድ የሚያስከትለውን ድንጋጤ ስለማያስታግስ በእኛ ግምት ሁለተኛ ሳይሆን ሦስተኛ መሆን አለበት። ሪቮልቨር የሚባለውን ባለ ተሽከርካሪ ጎታ ሽጉጥ ለፈጣን ተኩስ ስለማይመች እንተወዋለን።

የ22 ካሊበር ነቀፋ የለበትም ማለታችን አይደለም። እሳት ጫሪው ቅመም በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ የተዘረጋ በመሆኑ ከሌላው ጥይት ይልቅ አልፎ አልፎ ይከሽፋል። የከሸፈ ጥይት ሲያጋጥም አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳቀኑ ጥቂት መቆየት፣ ከዚያ በኋላ ማውጣት ደንብ ነው። ብዙዎቹን የ22 ካሊበር ሽጉጦች ያለ ጥይት መተኮስም መርፌውንና የጎሬውን ጠርዝ ስለሚጎዳ የልምምድ ቀለህ ሳይገባ አይደረግም። ከሁሉ በላይ ግን የጥይቱና የመለዋወጫው ምንጭ ከሽጉጡ በፊት ይጠየቅ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ምላጭ ያለው ሽጉጥ ግሩም ነው፤ የሚጠግነው ባለሙያ በሺህ ኪሎሜትር ርቀት ላይ ከሆነ ግን ከመሣሪያ ግምጃ ቤት አይወጣም። በእኛ ሁኔታ በብረት ምንጭ የሚሠራ፣ አንድ መለዋወጫ መርፌና ሁለት ተጨማሪ ካዝና አብሮት የመጣ ሽጉጥ ይመረጣል።

ግዥው ከመፈረሙ በፊት ሽጉጡ በተኩስ ሜዳ ኃላፊው ፊት ይፈተን። በመጀመሪያ ባዶነቱ በሁለት ሰው ይረጋገጥ። ተኳሹ ዓይኑን ጨፍኖ ክንዱን ወደ ዒላማው ያንሣና ዓይኑን ይግለጥ፤ ማነጣጠሪያዎቹ ተሰልፈው ከተገኙ እጀታው ተስማምቶታል፣ ካልተሰለፉ በሞረድ መታረም ይችል እንደሆነ ይመርመር። ቀጥሎ መዶሻው ተነሥቶ፣ አፈሙዙ ወደ ላይ ቀንቶ፣ በምላጩ ላይ የ1,000 ግራም ክብደት ይንጠልጠል፤ ምላጩ ክብደቱን መሸከም አለበት። ከዚያ በኋላ እጅ በአሸዋ ከረጢት ላይ ተደግፎ በ25 ሜትር ላይ ከየፋብሪካው ጥይት አምስት አምስት ይተኮስ። አንድ የ22 ካሊበር አፈሙዝ የአንዱን ፋብሪካ ጥይት ሰብስቦ ሲያሳርፍ የሌላውን ሊበትን ይችላል፤ ምክንያቱን ከመፈላሰፍ ይልቅ የሰበሰበውን መግዛት ይቀላል። ጆሮ መሸፈኑ፣ በእርሳስ የቆሸሸ እጅም ከምግብ በፊት መታጠቡ ሳይዘነጋ፣ የተበሱት ወረቀቶች ቀኑ፣ የጥይቱ ዓይነትና የሽጉጡ ቁጥር ተጽፎባቸው በክለቡ መዝገብ ይቀመጡ። ከስድስት ወር በኋላ ቀዳዳዎቹ መራራቅ የጀመሩ እንደሆነ አፈሙዙ መወልወል ይሻ ወይም ተኳሹ መዘናጋት ጀምሮ እንደሆነ ለመለየት እነዚያው ወረቀቶች ወጥተው ከአዲሶቹ ጋር ይተያያሉ።